ስለ ፖኬሞን የሚባለውና እውነታው

የገና ሰሞን የእህቴ ልጅ ጌም ቦይ የሚባለውን አሮጌ በእጅ የሚያዝ የጌም መሣሪያ ከመሳቢያዬ አወጣችው። «አጎቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። ካሴቱ ላይ «ፖኬሞን ሬድ» ይላል። እናቷ ከወጥ ቤት ሆና «እሱን ተይው፣ ጭራቅ የሚያዋጋ ጌም ነው» አለቻት።

እህቴን አልፈርድባትም። ይሄን ጌም አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ከልጅ ትከሻ በላይ አጮልቆ ነው። ሲጫወቱ የኖሩት ራሳቸው ደግሞ እርስ በርስ ያወሩትን ሁሉ እውነት አድርገው ይዘውታል። እኔም አንዱ ነበርኩ።

ለማያውቀው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ ከመንደሩ ይወጣል። ሳር ውስጥ፣ ዋሻ ውስጥ፣ ውሃ ላይ የተለያዩ ፍጥረቶች ያጋጥሙታል። በኳስ ይይዛቸዋል፣ ያሳድጋቸዋል፣ ከሌሎች አሳዳጊዎች ፍጥረቶች ጋር ያጋጥማቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ካሴቶች፣ ቀዩና አረንጓዴው፣ ጃፓን ውስጥ የወጡት ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1996 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በ1998 አሜሪካ ሲገባ ቀይና ሰማያዊ ሆነ። የኔ ቀዩ ነው።

«ጭራቅ ነው፣ የሰይጣን ነገር ነው»

ጣጣው ከስሙ ይጀምራል። ፖኬሞን ማለት «ፖኬት ሞንስተር» ሲያጥር ነው፤ የኪስ ጭራቅ እንደማለት። በአማርኛ ጭራቅ ሲባል ደግሞ ሰው በላ ነው። አያቶቻችን በተረት ያስፈራሩን በእሱ ነው። ስሙን ብቻ የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አይገርምም።

የጌሙ ምንጭ ግን ጥንዚዛ ነው። ሐሳቡን ያመጣው ሳቶሺ ታጂሪ ያደገው ቶኪዮ ጥግ ባለችው ማቺዳ ነው። ነፍሳት መሰብሰብ ስለሚወድ ጓደኞቹ የነፍሳት ዶክተር ይሉት ነበር። ሌሎቹ ልጆች ጥንዚዛ ለመያዝ የዛፍ ቅርፊት ላይ ማር ይቀባሉ። እሱ ከዛፉ ሥር ድንጋይ ያስቀምጣል። ጥንዚዛ ቀን ቀን ድንጋይ ሥር መተኛት እንደሚወድ አስተውሏል። ከዚያ ሄዶ ድንጋዩን ማንሳት ነው። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ሜዳው በሕንፃ ተሸፈነ። ዓሣ የሚጠመድበት ኩሬ የጌም ቤት ሆነ። ታጂሪ አድጎ ጌም ሲሠራ ያንን ፍለጋ ለከተማ ልጅ መመለስ ፈለገ። ጥንዚዛ በክር አስሮ ሲያበርር ላደገ ሰው ይሄ ለመረዳት አይከብድም።

ሌላው ቅሬታ ፍጥረቶቹ መለወጣቸው ነው። ጌሙ ይሄን «ኢቮሉሽን» ስለሚለው ብዙ የሃይማኖት ሰዎች ተቆጥተዋል። እስቲ የሚሆነውን ተመልከቱ። ካተርፒ የሚባለው አባጨጓሬ ሌቭል 7 ሲደርስ በጠንካራ ሽፋን ይጠቀለላል። ሌቭል 10 ላይ ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል። ይሄ ግቢያችን ውስጥ ክረምት ሲወጣ የሚታየው ነገር ነው። ትውልድ ተሻግሮ የሚመጣ ዝግመተ ለውጥ ሌላ፣ አንድ እንስሳ በዕድሜው የሚለወጠው ሌላ። ስያሜው ነው ያሳሳተው።

አንድ ነገር ግን አልክድም። በ2001 ሳዑዲ ዓረቢያ ጌሙንና በስሙ የሚሸጠውን የመጫወቻ ካርድ ስታግድ ከተነሱት ምክንያቶች አንዱ ቁማር ነበር። የመጀመሪያው ጌም ውስጥ በእርግጥ ሳንቲም እየከተቱ የሚጫወቱበት የቁማር ማሽን ያለበት ቤት አለ። ከዓመታት በኋላ የወጡት ጌሞች ላይ የለም። አሮጌውን ካሴት ለልጁ የሚሰጥ ወላጅ ይሄን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

«እንስሳ የሚያጋድል ጌም ነው»

ዶሮ ከማዋጋት ጋር የሚያመሳስሉት አሉ። በጌሙ ግጥሚያ ግን አንድም ፍጥረት አይሞትም። ጉልበቱ ሲያልቅ ራሱን ይስታል። ታጂሪ ይሄን ያደረገው አስቦበት ነው። ከዚያ በየከተማው ወዳለው ማከሚያ ይወሰዳል። ክፍያ የለውም። ትንሽ ዜማ ይሰማል፣ ፍጥረቱም ይነሳል።

ከዚህ ተነስቶ «ጌሙ ውስጥ ሞት የለም» ማለትም ልክ አይደለም። ላቬንደር የምትባል ከተማ አለች። እዚያ የሞቱ ፖኬሞኖች መቃብር ያለበት ማማ ቆሟል። ሰዎች መቃብሩ ላይ ቆመው ያለቅሳሉ። እናቱ የተገደለችበት ኩቦን የሚባል ግልገልም አለ። ልጅ ሆኜ እዚያ ስደርስ የጌሙን ድምፅ ቀንሼ ነበር የማልፈው። ጌሙ ስለ ሐዘን ለልጅ የሚናገርበት ቦታ ይሄ ነው። በጣም በጥንቃቄ ነው የተሠራው።

«ሙዚቃው ልጆችን ገድሏል»

የላቬንደር ከተማ ዜማ የጃፓን ልጆችን ራሳቸውን እንዲያጠፉ አድርጓል የሚለው ወሬ ከጌሙ ብዙ ዓመት በኋላ ኢንተርኔት ላይ የተፈጠረ ልብወለድ ነው። ከእሱ ጋር የሚቀላቀል እውነተኛ ክስተት ግን አለ። ዲሴምበር 16 ቀን 1997 የፖኬሞን ካርቱን ጃፓን ውስጥ ሲተላለፍ በፍጥነት የሚብለጨለጭ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ታየ። ወደ 685 የሚሆኑ ልጆች ሆስፒታል ተወሰዱ። ካርቱኑ አራት ወር ተቋረጠ። ያ ቴሌቪዥን ነው። ጌም ቦይ ደግሞ አራት ዓይነት አረንጓዴ ጥላ ብቻ ያላት፣ የራሷ መብራት እንኳ የሌላት መሣሪያ ናት።

«ፒካቹ የመጀመሪያው ነው»

አይደለም። መጀመሪያ የተነደፈው ራይደን የሚባል አውራሪስ መሰል ፍጥረት ነው። ፒካቹ፣ ሁሉም የሚያውቀው ቢጫው ፍጥረት፣ በጌሙ መዝገብ 25ኛ ነው። በቀዩና በሰማያዊው ካሴት ጫካ ውስጥ የሚገኘውም ከመቶ አምስት ጊዜ ነው። ንጉሥ ያደረገው በ1997 የጀመረው ካርቱን ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ካርቱኑ ጌሙን የቀደመ ይመስለዋል። ጌሙ በአንድ ዓመት ይበልጠዋል።

«መጀመሪያ ቻርማንደርን ምረጥ»

ጌሙ ሲጀምር ከሦስት ፍጥረቶች አንዱን ትመርጣላችሁ። ቅጠሉ፣ እሳቱ፣ ውሃው። ሁላችንም እሳቱን ቻርማንደርን ነበር የምናነሳው፣ ምክንያቱም ሲያድግ መጨረሻው ቻሪዛርድ ነው። ሆኖም የመጀመሪያው ትልቅ ግጥሚያ ከድንጋይ ጋር ነው። እሳት ድንጋይ ላይ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል። ሁለተኛው ከውሃ ጋር ነው። ውሃ እሳትን ሲያጠፋ ማስረዳት አያስፈልግም። ቅጠሉ ቡልባሶር ሁለቱንም ያሸንፋል። ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ሲሆን እሱም ቅጠል ላይ ብዙ አይሠራም።

እኔን ያበሳጨኝ ሌላ ነው። ቻሪዛርድ ሁለት ትልልቅ ክንፎች አሉት። ዓይነቱም እሳትና በራሪ ተብሎ ተጽፏል። በቀዩና በሰማያዊው ካሴት ግን መብረር መማር አይችልም። ለወራት ያሳደግሁትን ቻሪዛርድ ይዤ የበረራውን ትምህርት ልሰጠው ስል «አይችልም» አለኝ። ቢጫው ካሴት ሲወጣ ተስተካከለ።

«ማጂካርፕ ብር ማባከን ነው»

ጌሙ ውስጥ ከጨረቃ ተራራ በታች ባለው ማከሚያ አንድ ሰውዬ ማጂካርፕ የሚባል ቀይ ዓሣ በጌሙ ገንዘብ በ500 ይሸጣል። ዓሣው የሚችለው መንፈራገጥ ብቻ ነው። መንፈራገጡ ምንም አያደርግም። «ተበላሁ» ያላለ ተጫዋች አላውቅም።

ብልሃቱ እንዲህ ነው። ማጂካርፕን ከፊት ታስቀምጣላችሁ። ግጥሚያው እንደተጀመረ ወዲያው ታስወጡትና ሌላ ታስገባላችሁ። ሁለቱም ስለተሳተፉ ልምዱን ይካፈላሉ። ሌቭል 15 ላይ መግጨት ይማራል። ሌቭል 20 ላይ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይልና ጋያራዶስ ይሆናል፤ አፉን የከፈተ ግዙፍ የባሕር ዘንዶ። ነገሩ የመጣው ፏፏቴ ተሻግሮ ዘንዶ ከሆነው የቻይና ዓሣ ተረት ነው። የ500 ዋጋው የሚገባችሁ ያኔ ነው። እኔ በዚህ ጌም ከማንኛውም ነገር በላይ የምወደው ይሄን ነው።

«ሚው መኪናው ሥር አለ»

በኛ ጊዜ በጣም የተለፋበት ውሸት ይሄ ነው። መዝገቡ ላይ 150 ፍጥረት አለ። 151ኛው ሚው ይባላል፣ የትም አይገኝም። ወደቡ አጠገብ ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል። በጌሙ ሁሉ እንደሱ ያለ ሌላ መኪና የለም። እዚያ ለመድረስ ወደቡ ላይ የቆመው መርከብ እንዳይሄድ አድርጎ፣ በኋላ በውሃ ላይ መዋኘት ተምሮ መመለስ ይፈልጋል። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ «ግፋው፣ ሥሩ ሚው አለ» አለ።

እኔ ጌሙን ከመጀመሪያ ጀምሬ ደረስኩበት። መኪናው አይገፋም። ሥሩ ምንም የለም።

የሚው እውነተኛ ታሪክ ግን ከወሬው ይበልጣል። ጌሙ ሊያልቅ ሲል ካሴቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ለሙከራ የገቡት መሣሪያዎች ሲወጡ 300 ባይት የምታህል ክፍተት ተገኘች። ሺጌኪ ሞሪሞቶ የተባለው ፕሮግራመር ሚውን እዚያች ውስጥ አስገባው። ለመገመት ያህል፣ በዛሬ ስልክ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል። 300 ባይት 100 ፊደል ነው። በ1996 አንድ የጃፓን የልጆች መጽሔት ለ20 አንባቢዎች ሚው እንደሚሰጥ ሲያስታውቅ ከ78,000 በላይ ሰው አመለከተ። ወሬው የሮጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ኳስ ስትወረውሩ የታችንና የ«ቢ»ን ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ይረዳል የሚባለውም ያው ውሸት ነው። ምንም አያደርግም። ጣቴ እስከዛሬ ግን ይጫናል።

ጌሙ ራሱ የሚያሳስትበትም ቦታ አለ። አንድ ተጋጣሚ «የአእምሮ ኃይል ያላቸው የሚፈሩት መንፈስና ነፍሳትን ብቻ ነው» ይላል። በኮዱ ስህተት ምክንያት ግን «ሊክ» የሚባለው የመንፈስ ምት እነሱ ላይ ጭራሽ አይሠራም። በ1999 በወጡት የወርቅና የብር ካሴቶች ነው የታረመው። «ተጫዋቹ ነው ያልገባው» ሲባል ይሄንንም አስታውሱ።

«ሴቭ አላደርግ ካለ ካሴቱ ሞቷል»

ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ካሴቱን ጥሏል። በጣም ያሳዝነኛል። ካሴቱ ውስጥ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች። የተጫወታችሁትን የምትጠብቀው እሷ ናት። ሃያ ዓመት አካባቢ ስትሆን ታልቃለች። ጌሙ ራሱ ግን ምንም አይሆንም። የኔም አልቃ ቻሪዛርዱም ጋያራዶሱም ጠፉ። ሞባይል የሚጠግን ልጅ ካሴቱን ፈታ፣ አሮጌዋን ባትሪ በካውያ አንስቶ አዲሷን በየዳ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ካሴቱ አልነሳ ሲል እፍ ማለትንም ተዉት። የአፍ እርጥበት ብረቱን ያዝገዋል። ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ የካሴቱን የብረት ጥርሶች ጥረጉ።

«ልጅን ለብቻው የሚያስቀምጥ ጌም ነው»

እህቴ ከሁሉም በላይ የምትፈራው ይሄን ነው። አንገቱን ደፍቶ ጥግ የሚቀመጥ ልጅ። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ልክ ያልሆነው ይሄ ይመስለኛል።

ታጂሪን ያነሳሳው ጌም ቦዮችን የሚያገናኘው ገመድ ነው። ነፍሳት በገመዱ ውስጥ ከአንዱ መሣሪያ ወደሌላው ሲሄዱ ታየው። ጌሙ በሙሉ የተሠራው በዚያ ዙሪያ ነው። ሁለት ካሴት የወጣውም ለዚህ ነው። እባቡ ኤካንስ ቀዩ ላይ አለ፣ ሰማያዊው ላይ የለም። ሳንድሽሩ ሰማያዊው ላይ እንጂ ቀዩ ላይ የለም። ሁለት ካሴት ገዝቶ ብቻውን የሚለዋወጥ ይኖራል። ሌሎቻችን ግን ጎረቤት ማንኳኳት ነበረብን። አራት ፍጥረቶች ደግሞ ለሌላ ሰው ካልተሰጡ በቀር የመጨረሻ መልካቸውን አያገኙም።

ለእህቴ ልጅ ያገለገለ ሰማያዊ ካሴትና ሌላ ጌም ቦይ ፈልጌ ሰጠኋት። ሁለት ወር ተጫወተች። ባለፈው ቅዳሜ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ገመዱን ሰካን። እሷ ከመቃብሩ ማማ የያዘችውን ሃንተር አመጣች። እኔ ማቾክ የሚባል ጡንቻማ ፍጥረት ነበረኝ። እናቷ ሶፋው ላይ ሆና ታያለች። ፍጥረቶቹ በየስክሪናችን ገመዱን ተከትለው አለፉ። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መለወጥ ጀመሩ። የሷ ሃንተር እኔ ጋ ጌንጋር ሆነ። የኔ ማቾክ እሷ ጋ አራት እጅ አወጣ።

«አራት እጅ! እማዬ ነይ እይ!» አለች። እህቴ ተነስታ መጣችና አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

ቀጥሎ የፍጥረቱን ዝርዝር ከፈተችው። የመጀመሪያ አሳዳጊው ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ የኔ ስም አለ። «አጎቴ፣ ይሄን አጥፋልኝ፣ አሁን የኔ ነው» አለችኝ።

አይጠፋም አልኳት። እኔ ጋ ያለው ጌንጋር ላይም ያንቺ ስም እንዳለ ነው።