የፓይተን ቅጥያዎች በዴቢያን ሊኑክስ፦ አጫጫንና አዘገጃጀት

ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ የጀመረው፣ ዛሬም በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት የሊኑክስ ስርጭት ነው። ኡቡንቱም የሚነሳው ከእሱ ነው። በሁለቱም ላይ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የፕሮግራመር መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ስርዓቱ ራሱ ከሚገለገልባቸው ፕሮግራሞች ብዙዎቹ በፓይተን ተጽፈዋል። ስለዚህ ቅጥያ (በፓይተን ላይ የሚታከል ተጨማሪ ኮድ) ያለ ቦታው ሲጫን የሚበላሸው የጫኙ ሥራ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ቅጥያ የሚገባው በሁለት በር ነው። አንዱ የዴቢያን የራሱ መጫኛ መሣሪያ የሆነው አፕት ነው፤ ከዴቢያን ማከማቻ ያወርዳል፣ የፓኬጁም (ለመጫን የተዘጋጀው ጥቅል) ስም «ፓይተን3» ብሎ ይጀምራል፤ ለምሳሌ «ፓይተን3-ነምፓይ»። ሌላው የፓይተን መጫኛ መሣሪያ የሆነው ፒፕ ነው፤ የሚያወርደው የፓይተን ፕሮግራመሮች ሥራቸውን ከሚያስቀምጡበት ከፓይፒአይ ነው። ትልቁ ልዩነት ኃላፊነቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። ፓይፒአይ ላይ አካውንት የከፈተ ሁሉ ፓኬጅ ማስቀመጥ ይችላል፤ የታወቀ ፓኬጅ ስም በአንድ ፊደል ተለውጦ ተንኮል ያዘለ ኮድ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ዴቢያን ውስጥ ግን ፓኬጁን ተረክቦ ፈቃዱን የሚመረምር፣ ስህተቱን የሚከታተል ሰው ወይም ቡድን አለ። የተረጋጋው እትም አንዴ ከወጣ በኋላ አዳዲስ ነገሮች አይጨመሩበትም፤ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ጥገናው ብቻ ተለይቶ ይገባል። በምላሹ የሚከፈለው እርጅና ነው፤ አዲስ እትም የሚወጣው በ2 ዓመት ገደማ አንዴ ነው።

በንጹሕ ፓይተን የተጻፈ ቅጥያ መጫን ፋይል ከመገልበጥ ብዙም አይርቅም። ነገሩ የሚከብደው ቅጥያው በሲ ቋንቋ ሲጻፍ ነው። ያኔ ለተወሰነ የፓይተን እትምና ለተወሰነ ፕሮሰሰር ኮምፓይል መደረግ (ወደ ማሽን ቋንቋ መተርጎም) አለበት፤ ኮምፓይለር ብቻውን አይበቃም፣ የሲ ኮድ ከፓይተን ጋር እንዴት እንደሚገናኝ የሚገልጹት የፓይተን የሄደር ፋይሎችም ያስፈልጋሉ። ዴቢያን እነዚህን «ፓይተን3-ዴቭ» በሚባል ሌላ ፓኬጅ ስለሚያስቀምጣቸው ጀማሪው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ሄደሩ አልተገኘም የሚል መልእክት ነው። ለዚህ ድካም ፓይተን ያመጣው መፍትሔ «ዊል» የሚባለው አስቀድሞ የተዘጋጀ ፓኬጅ ነው። ዊል ግን የሚያስፈልጉትን የሲ ላይብረሪዎች (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉባቸው የኮድ ስብስቦች) በሆዱ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው የሳይኮፕጂ2 ባይነሪ ዊል ግንኙነትን የሚያመሰጥረውን የኦፕንኤስኤስኤል ላይብረሪ የራሱን ቅጂ ይዞ ይመጣል፤ የዴቢያኑ ፓኬጅ ደግሞ በስርዓቱ ላይ ያለውን የጋራ ላይብረሪ ይጠቀማል።

ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ሃርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል ቀዳዳ ሲታወቅ፣ የጋራውን ላይብረሪ የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ሁሉ በአንድ ማሻሻያ ዳኑ፤ ከዚያ አገልግሎቶቹን እንደገና ማስጀመር ያስፈልግ ነበር። የራሱን ቅጂ ይዞ የመጣ ሁሉ ግን አዘጋጁ እስኪያድሰው መጠበቅ ነበረበት። ለሰርቨር አፕትን የማስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

የዴቢያን ፓኬጅ ማዘጋጀት ማለት ከኮዱ ጎን አንድ ማኅደር መጨመር ነው፤ በውስጡ የፓኬጁ መግለጫ፣ የአሠራር መመሪያ፣ የለውጥ መዝገብና የቅጂ መብት ፋይል ይኖራሉ። ቅጥያው የሚፈልጋቸውን ሌሎች ቅጥያዎች አንብቦ ወደ ዴቢያን ስሞች የሚመልሰው «ዲኤች-ፓይተን» የተባለ መሣሪያ ነው። ስርጭቱ ከአንድ የፓይተን እትም ወደ ሌላ ሲሸጋገር፣ ለምሳሌ ከዴቢያን 12 ፓይተን 3.11 ወደ ዴቢያን 13 ፓይተን 3.13፣ በሲ የተጻፉት ቅጥያዎች በብዛት እንደገና ይገነባሉ።

ለዓመታት ሰዎች ፒፕን በሱዶ፣ ማለትም በስርዓቱ አስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ሲያስኬዱ ኖረዋል። እንዲህ የተጫነው ቅጥያ ፓይተን ቀድሞ በሚያየው ቦታ ስለሚቀመጥ አፕት የጫነውን ይሸፍነዋል፤ የስርዓቱ ፕሮግራምም ያልጠበቀው እትም ይገጥመዋል። ፔፕ 668 የተባለው የፓይተን ደንብ ይህን ለመከላከል ወጣ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የወጣው ዴቢያን 12 ተቀበለው፤ ከዚያ ወዲህ ፒፕ በስርዓቱ ፓይተን ላይ እንዲጭን ሲታዘዝ «ይህ አካባቢ በሌላ ይተዳደራል» ብሎ ይመልሳል። ብዙዎችን አበሳጭቷል፣ ግን ትክክለኛ እርምጃ ነው። ክልከላውን ማለፊያው ትእዛዝ ራሱ «የስርዓቱን ፓኬጆች ስበር» የሚል ስም ነው የተሰጠው።

ለፕሮጀክት የሚሆነው መንገድ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ከስርዓቱ የተለየ የቅጥያ ቦታ የሚከፍተው ቬንቭ ነው፤ ከፓይተን 3.3 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር ይመጣል፣ በዴቢያን ላይ ግን «ፓይተን3-ቬንቭ»ን መጫን ይጠይቃል። ራሱን ችሎ ለሚሠራ ፕሮግራም ፕሮግራሙን በራሱ ቬንቭ ውስጥ የሚጭነው ፒፕኤክስ ይመቻል። ዳታ ቆጥቦ ለሚጠቀም ሰው አንድ ተጨማሪ መንገድ አለ፦ እንደ ነምፓይ ያሉትን ከባዶቹን አንዴ በአፕት ጭኖ፣ ቬንቭ ሲከፍት የስርዓቱን ፓኬጆች እንዲያይ ማዘዝ። ያኔ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የሚወርደው የጎደለው ብቻ ይሆናል።