ቀለምና መዓዛ ያለው ሻማ በቤት ውስጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደሴና በአካባቢዋ ሻማ በቤታችን መሥራት ስንጀምር፣ አብዛኞቻችን ስለ ቀለምና ስለ መዓዛ የምናውቀውን ይዘን የምንመጣው ከመሶብ ስፌትና ከዕጣን ነው። ሁለቱም ሻማ ላይ ያሳስታሉ። ስፌት ቀለሙን የሚጠጣው ከፈላ ውሃ ነው፤ ዕጣንም የሚሸተው ፍም ላይ ሲጨስ ነው። ሰም ግን እንደ ቅባት ከውሃ ጋር አይዋሃድም፤ ሻማው የሚነደውም የቀለጠው ሰም በክሩ ተስቦ ወደ ላይ ከወጣና ከተነነ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰሙ ውስጥ የጨመርነው ነገር ወይ ሟሙቶ በክሩ ያልፋል፣ ወይ ክሩን ይደፍነዋል።

«አለላ የሚነከርበት ቀለም ሰምንም ያቀልማል» የሚለው የመጀመሪያው ስሕተት የእኔም ነበር። ከገበያ የተገዛ ቀይ ዱቄት በቀለጠ ፓራፊን (ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ የሻማ ሰም) ላይ ነስንሼ ብዙ ጊዜ ባማስለውም፣ ሰሙ ነጭ እንደሆነ ረጋ፤ ቀዩ ዱቄት እንደ ደለል ከጣሳው ሥር ተኝቶ ተገኘ። ያ ቀለም የሚሟሟው በውሃ ነውና ሌላ ውጤት ሊጠበቅበት አይገባም ነበር። የምግብ ቀለምም እንዲሁ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይሰምጣል፤ ክሩ ሲደርስበትም ይንጣጣል። የልጆች ክራዮን ግን ይበልጥ ያታልላል፤ ምክንያቱም ሰሙን ደስ በሚል ሁኔታ ያቀልመዋል። ይሁን እንጂ ቀለሙ ሳይሟሟ የተንሳፈፈ ደቃቅ ዱቄት በመሆኑ፣ ሻማው ጥቂት ከነደደ በኋላ ክሩን ደፍኖ ነበልባሉን እያሳነሰ ያጠፋዋል። የሚያስፈልገው በዘይት የሚሟሟ፣ ለሻማ ተብሎ የተሠራ ቀለም ነው።

ቀልጦ ሳለ የሚታየው ቀለም የመጨረሻው ነው ብሎ ማመንም ያሳስታል፤ ትኩስ ሰም ከረጋው ይልቅ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ፣ አንድ ጠብታ በነጭ ሳህን ላይ አርግቶ ማየት ይበጃል። ሰፈፍ አንጥረው በንብ ሰም የሚሠሩ ደግሞ ሰሙ ራሱ ቢጫ መሆኑን አይርሱ፦ ሰማያዊ ቢጨምሩበት የሚያገኙት አረንጓዴ ነው። በእኔ እምነት የንብ ሰም ቀለምም ሽቶም አያስፈልገውም፤ የማር ሽታው ይበቃዋል።

«ሽቶ በበዛ ቁጥር ቤቱ ያውዳል» የሚለውም እውነት አይደለም። ሰም የሚይዘው የሽቶ ዘይት መጠን የተወሰነ ነው፤ ለጀማሪ በ100 ግራም ሰም 6 ግራም በቂ ሲሆን፣ መለኪያው ማንኪያ ሳይሆን ሚዛን መሆን አለበት። ከልክ ያለፈው ዘይት በሻማው ፊት ላይ እንደ ላብ ያቸፈችፋል፣ ሲነድም ጥላሸት ያበዛል። ልብስ ላይ የምንረጨው ሽቶ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ አብዛኛው ክፍሉ አልኮል በመሆኑ ከሰም ጋር አይዋሃድም፣ በእሳት አጠገብም በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ወሎ የጦስኝ፣ የአሪቲና የጠጅ ሳር አገር በመሆኑ፣ እነዚህን አድርቆ ሰሙ ውስጥ መነስነስ ተፈጥሯዊና ጉዳት የሌለው ይመስላል። ደረቅ ቅጠል ግን ሰም ከጠጣ በኋላ ራሱ ሁለተኛ ክር ሆኖ ይነዳል፤ በብርጭቆ ውስጥ ከሆነም ብርጭቆውን ሊሰነጥቀው ይችላል። የዕጣን ፍሬም ከሰም ጋር በሚገባ አይዋሃድምና ቦታው ማጨሻው ላይ ነው።

«ሽቶው እንዲገባ ሰሙ መፍላት አለበት» የሚለው ከሁሉም አደገኛው ነው። ሰም እንደ ውሃ እስኪንተከተክ የሚጠብቅ ሰው ጭሱን፣ ቀጥሎም እሳቱን ያያል። የሰሙን ጣሳ ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ አስቀምጦ ማቅለጥ ይገባል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ዝቅ ብላ ባለችው ኮምቦልቻ ደግሞ በ94 አካባቢ። «ታዲያ 100 ካልደረሰ» ብለው ጣሳውን ከድስቱ አውጥተው ከሰል ላይ የሚጥዱ አሉ። የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፤ የሽቶ ዘይትም ብዙውን ጊዜ የሚጨመረው ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነውና፣ የደሴ ውሃ ከበቂ በላይ ነው። ዘይቱ ከተጨመረ በኋላ ለሁለት ደቂቃ ያህል በቀስታ ማማሰል ያስፈልጋል። እሳት ከተነሣ መክደንና ምድጃውን ማጥፋት እንጂ ውሃ መድፋት አይገባም፤ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ሰም በየአቅጣጫው ይረጨዋል።

በተሠራበት ቀን አልሸተተም ተብሎ የተጣለ ሻማም ብዙ ነው። ፓራፊን ሁለት ሦስት ቀን፣ የአኩሪ አተር ሰም ደግሞ አንድ ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ሽታው ይጠነክራል፤ እስከዚያው ተከድኖ፣ ቀለሙን ፀሐይ እንዳያደበዝዘው ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ።