በታሪካዊ የአምልኮ ሕንፃዎች ላይ የሚታቀዱ ለውጦችን ተፅዕኖ መመዘን

በታሪካዊ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ምኩራብ ላይ ለውጥ ሲታቀድ፣ ለውጡ በሕንፃው ታሪካዊ፣ ኪነ ሕንፃዊና መንፈሳዊ ፋይዳ ላይ የሚያደርሰውን ተፅዕኖ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መርምሮ የመመዘን አሠራር የቅርስ ተፅዕኖ ግምገማ ይባላል። የሚመዘነው የግድ ትልቅ ግንባታ አይደለም፤ የማሞቂያ ቧንቧ፣ የድምፅ ማጉያ ወይም ለአካል ጉዳተኞች የሚሠራ መወጣጫም ይመዘናል።

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የቬኒስ ቻርተር፣ ቅርስ ለማኅበረሰብ ጥቅም ሲውል ጥበቃው እንደሚቃና፣ ሆኖም አገልግሎቱ የሕንፃውን አቀማመጥና ጌጥ መለወጥ እንደሌለበት ይደነግጋል። በ1979 በአውስትራሊያ የጸደቀው የቡራ ቻርተር ደግሞ ከማንኛውም ውሳኔ በፊት የቦታው ፋይዳ መታወቅ እንዳለበት ያስቀመጠ ሲሆን፣ ለውጥም የሚያስፈልገውን ያህል እንዲደረግና ከዚያ እንዳያልፍ ያሳስባል። ለዓለም ቅርስ ቦታዎች ደግሞ ዓለም አቀፉ የቅርስ ባለሙያዎች ድርጅት ኢኮሞስ በ2011 የተፅዕኖ ግምገማ መመሪያ አውጥቷል።

ከሁሉ የሚከብደው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። የፋይዳው መግለጫ ንድፉ ካለቀ በኋላ ከተጻፈ አስቀድሞ ውሳኔ ለተሰጠበት ነገር ማስረጃ ማሰባሰቢያ ይሆናል እንጂ ግምገማ አይሆንም። አዳራሹን ሰፋ ለማድረግ የቆዩ አግዳሚ ወንበሮች ይነሡ ሲባል፣ ጥያቄው የወንበሮቹ ዕድሜ ብቻ አይደለም። ከሥራቸው ያለው የእንጨት ወለል፣ ከወለሉ በታች ሊኖር የሚችለው የመቃብር ድንጋይ፣ የምእመናን እጅ ያለሰለሰው የወንበሩ ጠርዝ፣ ሁሉም አብረው የሚታዩ ናቸው። አንድ ሕንፃ የብዙ ዘመናት ሥራ ስለሆነም፣ የመጀመሪያውን ብቻ ክቡር፣ የኋለኛውን ሁሉ ጭማሪ አድርጎ ማየት ትልቅ ስሕተት ነው።

በሕግ ደረጃ ከዳበሩት አሠራሮች አንዱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አሠራር ነው። አጥቢያው የሕንፃውን ፋይዳና የለውጡን አስፈላጊነት የሚያስረዳ መግለጫ አዘጋጅቶ፣ የሀገረ ስብከቱ አማካሪ ኮሚቴ አስተያየት ሰጥቶበት፣ ፈቃዱን የሀገረ ስብከቱ ፍርድ ቤት ይወስናል። በእንግሊዝ የሚገኘው የዳፊልድ ቅዱስ አልክመንድ ቤተ ክርስቲያን፣ መቅደሱን ከምእመናን ስፍራ የሚለየውን የእንጨት ክፍልፍል ለማንሣት ባቀረበው ጥያቄ ላይ፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2012 ተከታታይ ጥያቄዎችን አስቀመጠ። ለውጡ ፋይዳውን ይጎዳል ወይ? ከጎዳ ጉዳቱ ምን ያህል ከባድ ነው? ምክንያቱስ ምን ያህል ግልጽና አሳማኝ ነው? የሚገኘው የሕዝብ ጥቅም ከጉዳቱ ይበልጣል ወይ? ጉዳቱ በከበደ መጠን የሚጠበቀው ጥቅምም ይጨምራል። በዚህ ሚዛን የአምልኮ ነፃነትና የምእመናን ደኅንነት እንደ ጥቅም መቆጠራቸው ተገቢ ነው፤ ጸሎት የሚደረግበት ቤት የሙዚየም ዕቃ አይደለምና ማገልገሉም የፋይዳው አካል ነው።

ጉዳት ሲመዘን ለውጡን መልሶ ማንሣት መቻሉ ትልቅ ቦታ አለው። ራሱን ችሎ የሚቆም መድረክ ነገ ሊነሣ ይችላል፤ ግድግዳ ተሰርስሮ የገባ ቧንቧ ግን ከተነቀለ በኋላም ቁስሉ ይቀራል። ስለዚህ ፈቃድ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ግዴታ ይታከልበታል፦ የሚነሣው ዕቃ አስቀድሞ በፎቶግራፍና በልኬት ይመዘገባል፣ ወለል ሲከፈት የአርኪዮሎጂ ባለሙያ በቦታው ይገኛል፣ ከተነሡት ወንበሮችም የተወሰኑት በዚያው ሕንፃ ውስጥ ይቆያሉ።