«21 ቁልፍ ከገባበት ይሠራል» እና ሌሎች የጎማ ዳዶ ስህተቶች

ለኮሮላዬ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦሪጅናል የቶዮታ አሉሚኒየም ቸርኬ ገዛሁ። የብረቱ ቸርኬ ሲወርድ ጎሚስታው ያንኑ የድሮ ዳዶ መልሶ አሰረው፤ እኔም ምንም አልጠየቅኩም። በሳምንቱ መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ባላንስ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አስለካሁ። በመጨረሻ ጎማው ሲወርድ የቀዳዳዎቹ አፍ ዙሪያውን ተበልቶ፣ ዳዶዎቹ ጫፍ ላይ የሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ብናኝ ተለጥፎ አገኘነው።

«ዳዶ ያው ዳዶ ነው» የሚባለውን ያመንኩት እስከዚያ ቀን ድረስ ነው። ዳዶ ቸርኬውን የሚይዘው በሚያርፍበት ፊቱ ነው፤ ይህ ፊት ደግሞ ሦስት ዓይነት አለው። የብረት ቸርኬ፣ እንዲሁም ከፋብሪካ ውጭ ተሠርቶ የሚሸጥ አብዛኛው አሉሚኒየም ቸርኬ፣ 60 ዲግሪ ሾጣጣ ይፈልጋል። የሆንዳ ፋብሪካ ቸርኬ እንደ ኳስ ጎበጥ ያለውን ይፈልጋል። ብዙው ኦሪጅናል የቶዮታ አሉሚኒየም ቸርኬ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፤ ዳዶው ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ አንገትና ከላዩ የማይወልቅ ሮንዴላ አለው። የእኔ ሾጣጣ ዳዶ ጠፍጣፋው ቸርኬ ላይ ሲታሰር የነካው የቀዳዳውን ጠርዝ ብቻ ነበር፣ እንደ ክር በቀጠነች መስመር። በእጅ ሲነካ ጥብቅ ነው፤ መኪናው ሲሄድ ግን ያቺ መስመር አሉሚኒየሙን እየበላች ትላላለች።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን የርዕሱ አባባል ነው። 21 ቁጥር የሚነግረን የቁልፉን ስፋት ብቻ ነው፣ ስለ ጥርሱ ምንም አይልም። ኮሮላም የድሮው ኒሳን ፓትሮልም በ21 ይፈታሉ፤ የሁለቱም ብሎን ውፍረት 12 ሚሊሜትር ነው። ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ግን የቶዮታው 1.5፣ የኒሳኑ 1.25 ሚሊሜትር ነው። ሱዙኪም እንደ ኒሳን 1.25 ነው። የአንዱ ዳዶ በሌላው ላይ አንድ ሁለት ዙር ይገባና ይነክሳል። በእጅ የሚያስር ሰው እዚያው ይነቃል። የአየር መፍቻ የያዘ ግን ተጭኖ ያስገባዋል፤ ብሎኑም ጥርሱን ጨርሶ ይቀራል። ስለዚህ ጎሚስታ ቤት ቆሜ የማልተወው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ዳዶው መጀመሪያ በጣት ይግባ። ለ1.5 ጥርስ ቢያንስ 8፣ ለ1.25 ወደ 10 ሙሉ ዙር መያዝ አለበት። ከዚያ በታች ከያዘ ዳዶው አጭር ነው ወይም ቸርኬው ወፍራም ነው።

«ፎልክስዋገን ዳዶው ጠፋብኝ» ለሚሉም፦ ቀድሞም የለውም። እንደ መርሴዲስና ቢኤምደብልዩ ቸርኬውን አልፎ ሞዞው ውስጥ (ቸርኬው የሚታሰርበት የሚሽከረከረው ክፍል ውስጥ) የሚገባ ብሎን ነው የሚያስረው። የፎልክስዋገንና የመርሴዲስ ፋብሪካ ብሎን ኳስ መሳይ ነው፣ የቢኤምደብልዩ ሾጣጣ።

«በደንብ ከጠበቀ አይፈታም» ብሎ መፍቻው ላይ የሚቆም ሰው ሁላችንም አይተናል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 40 ሳንቲሜትር እጀታ ጫፍ ላይ ሲቆም ከ310 ኒውተን ሜትር በላይ ይጭናል። ኮሮላ የሚፈልገው 103 ነው። ብሎን በልኩ ሲሳብ እንደ ስፕሪንግ ቸርኬውን ሞዞው ላይ ጨቁኖ ይይዛል፤ የመኪናውንም ክብደት በዋናነት የሚሸከመው ይህ ጭቆና የሚፈጥረው ሰበቃ ነው። ከልክ በላይ የተሳበ ብሎን ግን ይለጠጣል፣ ተመልሶም አይሰበሰብም።

ዘይት መቀባትም ጥበቃ ይመስላል። ሲታሰር ከሚወጣው ጉልበት 90 በመቶ ያህሉ በሰበቃ የሚጠፋ ነው፤ ብሎኑን የሚስበው የቀረው ብቻ ነው። ጥርሱ በዘይት ሲለሰልስ ያው 103 ብሎኑን እጅግ አብልጦ ይስበዋል። አምራቹ ካላዘዘ በደረቁ ይታሰር፣ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ።

ስኮርታ ላይ ግን ቶዮታ ትንሽ ይራራል። የአሉሚኒየሙ ዳዶ አንገት ጫፉ ሾጠጥ ስለሚል የብረቱን ስኮርታ ይዞ እስከ ጎሚስታ ያደርሳል። ሮንዴላው ቸርኬውን አልነካም ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። የእኔ ስህተት የዚህ ግልባጭ ስለነበር ነው ያልተራራልኝ።

የጭነት መኪና ራሱን የቻለ ዓለም ነው፤ አንዱን ብቻ ላንሳ። «ሁሉም ዳዶ ወደ ግራ ይፈታል» የሚለው በአሮጌ አይሱዙ ላይ አይሠራም። በግራ በኩል ያሉት ጎማዎች ጥርሳቸው የተገላቢጦሽ ነው፣ የሚፈቱት ወደ ቀኝ ነው። አንድ ረዳት መፍቻው ላይ የብረት ቱቦ ሰክቶ በላብ ተነክሮ ሲታገል፣ ሹፌሩ ከጋቢና አንገቱን አውጥቶ «አንተ፣ እያጠበቅከው ነው እኮ!» ሲለው ሰምቻለሁ።