ሰላምታ፣ አንቱታና ቴሌግራም፤ በአማርኛ ሰው ከሰው የሚነጋገርበት ወግ

በአማርኛ ወሬ የሚጀመረው ከጉዳዩ አይደለም። ከሰውየው ነው። ሱቅ ሄዶ ስኳር የሚገዛ ሰው እንኳ መጀመሪያ "እንዴት ዋላችሁ" ይላል። መንገድ የጠፋበት እንግዳ "ወንድሜ"፣ "እናቴ" ብሎ ዘመድ ያበጅና ነው የሚጠይቀው። ጉዳዩ ትንሽ ይቆያል፤ ሰውየው ይቀድማል። ብዙው የአነጋገር ደንባችን ከዚህ ቅደም ተከተል ይመነጫል። ፊት ለፊት ስንገናኝ ዓይን፣ እጅና ድምፅ ስለሚያግዙን ደንቡ ራሱን በራሱ ይጠብቃል። ስልክና ኢንተርኔት ላይ ግን ሰውየው ይቀርና ጉዳዩ ብቻውን ይደርሳል። ያኔ አውቀን ካልጠበቅነው የሚጎድል ብዙ ነገር አለ።

ሰላምታ

ሰላምታችን ሰዓት ይቆጥራል። ጠዋት እንዴት አደርክ፣ ከሰዓት በኋላ እንዴት ዋልክ፣ ማታ እንዴት አመሸህ። ጥቂት ቀን ከተጠፋፋን እንዴት ሰነበትክ፣ ብዙ ከቆየን ደግሞ እንዴት ከረምክ። "መክረም" ከ"ክረምት" ጋር ሥሩ አንድ ነው። ወንዝ ሞልቶ ሰው ከሰው የሚቆራረጥበትን ወቅት ያስታውሳል። በር ላይ ቆሞ የሚሰማ ሰው ከዚያች አንዲት ግሥ ተነስቶ ሁለቱ ስንት ጊዜ እንደተጠፋፉ ይገምታል።

መልሱ የታወቀ ነው። "እግዚአብሔር ይመስገን" ወይም "አልሐምዱሊላህ"። ከዚያ "ልጆቹስ? እማማስ? ሥራስ?" ይከተላል። ይህ መረጃ ፍለጋ አይደለም። የታመመ ሰው ራሱ መጀመሪያ "ደህና" ይላል። "ትንሽ አሞኝ ነበር" የምትለው ኋላ ናት የምትመጣው፣ ያውም ሲጠየቅ። ብሮኒስላቭ ማሊኖውስኪ የተባለው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ፣ ቋንቋ ሐሳብ ለማስተላለፍ ብቻ ሳይሆን ሰውን ከሰው ለማያያዝም እንደሚያገለግል እ.ኤ.አ. በ1923 ጽፏል። የተነሳው በትሮብሪያንድ ደሴቶች ካየው ነው። እኛ ሰፈር ቢመጣም ያንኑ ያገኝ ነበር።

አካልም የራሱ ድርሻ አለው። ጓደኛሞች ትከሻ ለትከሻ ይጋጫሉ። ዘመድ ጉንጭ ይሳሳማል፣ የናፈቀ ደግሞ ቁጥሩን ይረሳል። ለትልቅ ሰው እጅ ሲዘረጋ ግራው የቀኙን ክንድ ደገፍ ያደርጋል፣ ወገብም ጎንበስ ይላል። ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ብድግ ብሎ "ኖር" ይላል፤ ገቢው "በእግዜር" ብሎ ያስቀምጣቸዋል። ልጅ አባቱ ሲቆጣው ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። ይህ እንደ መደበቅ አይቆጠርበትም፣ ጨዋነት ነው። ሌላ አገር ያደገ ልጅ ግን "ዓይኔን እያየህ አናግረኝ" ሲባል ነው የኖረው። ስለዚህ ለእረፍት አዲስ አበባ መጥቶ አያቱን ትክ ብሎ ሲያይ "ደፋር" ይባላል። ልጁ ምን እንዳጠፋ አይገባውም። በዚህ ቢቀየም አልፈርድበትም።

አንድ ነገር ለብቻው ላንሳ። አማርኛ ተናጋሪ ሲያዳምጥ ዝም አይልም። "እህ"፣ "እሺ"፣ "አይ እንግዲህ" እያለ ወሬውን ይደግፋል። አንዳንዴ ቃሉም ይቀርና አየር ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል። "አዎ" ማለቱ ነው። የውጭ ሰው የደነገጥን ይመስለዋል። ስልክ ላይ እነዚህ ድምፆች ለአምስት ሰከንድ ከጠፉ ተናጋሪው ወሬውን አቋርጦ "ሃሎ? አለህ?" ይላል። ማዳመጥ በእኛ ዘንድ የሚሰማ ሥራ ነው። ጽሑፍ ላይ ይህ ከነአካቴው የለም። ሰው ረጅም ሐዘኑን ጽፎ ይልካል፤ ከወዲያ ማዶ ማንም "እህ" አይለውም።

አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ

በአማርኛ አንድን ሰው "በላህ ወይ" ብሎ ለመጠየቅ ሁለት ነገር መወሰን ግድ ነው። ወንድ ነው ሴት? እኩያ ነው ታላቅ? "በላህ"፣ "በላሽ"፣ "በሉ"። ግሡ ራሱ ስለሚናገር መሸሻ የለም። ለታላቅና ለማናውቀው ሰው እርስዎ ወይም አንቱ እንላለን። ቃሉ ምን ያህል እንደከበረ ለማየት አንዱን ሰው "አንቱ የተባለ ሐኪም" ሲሉት መስማት ይበቃል። በሙያው የተመሰከረለት ማለት ነው።

አንቱታ ግን የዕድሜ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ርቀት መለኪያም ነው። "ኧረ አንተ በለኝ" የሚል ሰው ወንበሩን እያስጠጋ ነው። ለዓመታት አንተ ሲልህ የኖረ ጓደኛ ድንገት "እርስዎ እንዳሉ" ካለ ተቀይሟል፤ ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። እናት ትንሽ ልጇን ስታቆላምጥ "አንቺ" ትለዋለች፣ ሴቷንም "አንተ"። በድምፅ ሲባል ፍቅር ነው። ያንኑ ቃል ለአንድ ጎልማሳ ኮሜንት ላይ ብትጽፍለት ስድብ ይሆናል። ቃሉ አንድ ነው፤ ድምፁ ነው የቀረው።

ስምም እንዲሁ ነው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ ሁለተኛው ስም የአባቱ ነው። ስለዚህ ውጭ አገር የሚኖር ሰው "ሚስተር" ተብሎ ከአባቱ ስም ጋር ሲጠራ ደብዳቤው ለአባቱ የመጣ ይመስለዋል። በእኛ ቤት ጋሼ፣ እትዬ፣ እማማ፣ አባባ አሉ። በራሱ ስም ብቻ የሚጠራ ታላቅ ሰው ሰፈር ውስጥ አይገኝም። ሲጠሩትም መልሱ ደረጃ አለው። ታላቅ ሲጠራ "አቤት"፣ እኩያ ወይም ታናሽ ሲጠራ "ወዬ"።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዘን ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ እንገባለን። የሰውየው ፎቶ አበባ ነው። ስሙ "የማርያም ልጅ" ይላል። ዕድሜውንም ጾታውንም ማወቅ አይቻልም። ሰዉ ለዚህ ዘዴ አበጅቷል። "ሰላም ነው?"፣ "እንዴት ነው?" ይላል። እነዚህ ጾታም ማዕረግም የላቸውም። በብዙ ቁጥር "እንዴት ናችሁ ቤተሰብ" ማለትም ያስኬዳል። አንዳንዱ ግን ግምቱን በድፍረት "አንተ" ብሎ ይጀምራል። በኋላ ያናገሩት የስልሳ ዓመት መምህርት ሆነው ይገኛሉ። የኔ ምክር አንድ ነው። ካላወቃችሁ በእርስዎ ጀምሩ። ከላይ ጀምሮ መውረድ ሲፈቀድ ቀላል ነው። ከታች ጀምሮ መውጣት ግን ይቅርታ መጠየቅ ይጠይቃል።

ጽሑፍ ላይ የሚጠፋው

የንግግር ሥልጠና የወሰደ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሰምቷል። ከመልእክት ውስጥ ቃል የሚይዘው 7 ከመቶ ነው፣ ድምፅ 38፣ ፊት 55። ቁጥሩ የመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ሜህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳተማቸው ጥናቶች ነው። ግን ጥናቶቹ ስለ ንግግር ሁሉ አይደሉም። ሰው ስሜቱን፣ መውደድና መጥላቱን ሲገልጽ ቃሉና ድምፁ ወይም ፊቱ ካልተጣጣሙ የትኛው ይታመናል የሚል ነው ነገሩ። ሜህራቢያን ራሱ ይህን ተናግሯል። ስለዚህ "ቃል ዋጋ የለውም" ብሎ የሚያስተምር አሠልጣኝ ሲያጋጥማችሁ አትመኑት። ቃል ዋጋ አለው። በተለይ ብቻውን ሲቀር።

አማርኛ ደግሞ በጽሑፍ የራሱ ፈተና አለበት። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። "አለ" ሲጻፍ ተናገረ ይሁን ይገኛል አይታወቅም። "ይበላል" ለሚበላው ሰውም ነው፣ ለሚበላው ምግብም ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ይብሳል። ኤስ፣ ኢ፣ አር፣ ኤ ብሎ የጻፈ ሰው "ሥራ" ማለቱ ይሁን "ሴራ" ማን ያውቃል? "ሥራ አለ" ያለው ሰው ሴራ ጠንሳሽ ሆኖ ሊነበብ ነው። በላቲን መጻፍ የለመድነው ስልኩ ፊደላችንን በማይጽፍበት ዘመን ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ የዓለምን ፊደላት በሚጽፉበት የጋራ ደረጃ ውስጥ፣ የገባው በ3.0 ዕትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ ማንኛውም ስልክ ይጽፈዋል ማለት ይቻላል። ትንሽ ቢያዘገይም በፊደል መጻፍ የአንባቢን ድካም ይቀንሳል።

ቮይስ እንዲህ የተወደደው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። መጻፍ የማይመቻቸው ትልልቅ ሰዎች በቮይስ ነው የሚያወሩት። አክስቴ የአራት ደቂቃ ቮይስ ትልክልኛለች። የመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ሰላምታ ነው፤ ሚስቴን፣ ልጆቼን፣ የሚስቴን እናት በየተራ ትጠይቃለች። በመሃል ዶሮ ይጮኻል፣ ሰው በር ያንኳኳል፣ "ቆይ መጣሁ" ትላለች፣ ተመልሳ ትቀጥላለች። አንድ ጊዜ ሥራ ላይ ሆኜ "እሺ እትዬ፣ ደህና ነን" ብዬ በጽሑፍ መለስኩላት። ወዲያው ሌላ ቮይስ መጣ። "ድምፅህን ነው የምፈልገው። በጽሑፍ እንዳትመልስልኝ።"

ዝምታም ይነበባል። ሰው ምንም ሳይናገር እንኳ መልእክት ከማስተላለፍ አያመልጥም የሚለውን ሐሳብ የሰዎችን ግንኙነት ያጠናው ፖል ዋትስላዊክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1967 አስፍረውታል። ቴሌግራም ላይ ሁለት ራይት ካየን በኋላ መልስ ሲዘገይ ሁላችንም ይህን እናውቃለን። ላኪው "ዘጋኝ" ይላል። ተቀባዩ ታክሲ ውስጥ ቆሞ ይሆናል። "አይቼዋለሁ፣ ማታ እመልሳለሁ" የምትል አጭር መስመር ስንት ቅያሜ ታስቀራለች!

ከሁሉ የሚከብደው ይሉኝታ ነው። በአማርኛ ፊት ለፊት "አልችልም" ማለት ያሳፍራል። "እናያለን"፣ "እስኪ እሞክራለሁ"፣ "ፈጣሪ ካለ" እንላለን። አጠገባችን ያለ ሰው ግን ፊታችንን ያያል፣ ድምፃችን ሳሳ ማለቱን ይሰማል፤ እንቢታው ይገባዋል። እኛም አላዋረድነውም። ጽሑፍ ላይ "እስኪ እሞክራለሁ" እሺታ ሆኖ ይነበባል። ብር ያበድረኛል ብሎ የጠበቀ ሰው ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሲያይ ይውላል። ይሉኝታን አልጠላውም፤ ብዙ ቤት ያቆመ ነገር ነው። በጽሑፍ ሲሆን ግን ምክንያቱን አስቀድሞ "በዚህ ወር አልችልም፣ ይቅርታ" ማለት ደግነት ነው።

ቀጠሮም ያሳስታል። አገር ቤት "ማታ በ3 ሰዓት" ሲባል ውጭ ያለው ዘመድ 3 ሰዓት ላይ ይጠብቃል። የእኛ ሰዓት ከፈረንጁ በ6 ይለያል፤ በዚያ ላይ የአገሩ የሰዓት ልዩነት አለ። "በሀበሻ ነው በፈረንጅ?" ብሎ መጠየቅ ነው መፍትሔው።

መርዶ

የአነጋገር ወጋችን ሁሉ ተጠራቅሞ የሚታየው መርዶ ላይ ነው። ምን እንደሚባል ብቻ ሳይሆን ማን፣ መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር ሆኖ እንደሚናገር ሁሉ ደንብ አለው። ዘመዶች ይመካከራሉ። ሐዘንተኛው ሌሊቱን ይተኛ ይባላል። መርዶ በሌሊት አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ሲነጋጋ፣ ሰው ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ ቅርብ የሚባሉት ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች አሉ። ከታላላቆቹ አንዱ ከፊት ይቆማል። የልብ ሕመም ያለበት ከሆነ የሚይዘው ጠንካራ ሰው አጠገቡ ይመደባል። በሩን የከፈተው ሰው ቃል ሳይሰማ ያውቃል። ሲነገረውም "ሞተ" አይባልም። "አሞት ነበር... አልሆነም... አርፏል።" ከዚያ ለቅሶው ይነሳል፤ የሚይዘው እጅም ቀድሞ ተዘጋጅቷል።

ይህ ወግ ባሕር ተሻግሯል። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ሌላ ከተማ ያለ ሐበሻ መርዶ ሲኖርበት አገር ቤት ያሉት ለእሱ አይደውሉም። ለጓደኞቹ ይደውላሉ። ጓደኞቹ ሥራ ያስፈቅዳሉ፣ መኪና ይከራያሉ፣ ማለዳ በሩ ላይ ይቆማሉ። አሁን ጭንቀቱ ስልኩ ነው። አንድ ዘመድ የሟቹን ፎቶ ከሻማ ጋር ከለጠፈ ሁሉም ነገር አለቀ። ብዙዎች ያን ሌሊት ሰውየው ስልክ እንዳይከፍት ሰበብ ሲፈጥሩ ያድራሉ።

ጓደኛዬ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ማታ ሥራ ላይ ነበር። በእረፍት ሰዓቱ ስልኩን ሲከፍት የአባቱን ፎቶ አየ። ከሥሩ ላይክ ነበር፣ "ነፍስ ይማር" ነበር። ለማንም አልተናገረም። ሥራውን ጨርሶ ቤቱ ገባ። እኛ ይህን አናውቅም። ነገ ማለዳ ልንነግረው ስድስት ሆነን ተሰባስበን፣ ማን ይናገር እያልን አንዱ ቤት አደርን። ጠዋት በሩን አንኳኳን። ከፈተልን፤ ልብሱን እንኳ አልቀየረም። ማወቁን ከፊቱ አየነው። ታላቃችን ግን የያዘውን ንግግር አልተወም። "አባትህን አሞት ነበር" ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ። ጓደኛችንም አላቋረጠውም። በሩን ይዞ እስከ መጨረሻው ሰማው። ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው።