ከሰልፉ በስተጀርባ፦ ስለ ወጣቶች የአየር ንብረት ንቅናቄ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወጣቶች ተደራጅተው መንግሥታቸውን «የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት ምን እየሠራህ ነው?» ብለው በጠየቁ ቁጥር የሚሰጣቸው መልስ ተመሳሳይ ነው። አንዳንዱ ከንቀት የመጣ ነው። የሚበዛው ግን ሰልፉን ብቻ አይቶ ከሰልፉ በፊትና በኋላ ያለውን ሥራ ካለማየት ይመነጫል። በተደጋጋሚ የምሰማቸውን ላንሳ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

«ነገሩን የጀመረችው አንዲት ስዊድናዊት ልጅ ናት»

ግሬታ ተንበርግ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018፣ በ15 ዓመቷ፣ ከስዊድን ፓርላማ ደጃፍ ብቻዋን ተቀምጣ የጀመረችው የትምህርት አድማ ሚሊዮኖችን ማነሳሳቱ አይካድም። ጅማሬው ግን ከዚያ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ዴ ጄኔሮ የምድር ጉባኤ ሲካሄድ ሴቨርን ከሊስ ሱዙኪ የተባለች የ12 ዓመት ካናዳዊት ከጓደኞቿ ጋር የጉዞውን ገንዘብ አሰባስባ ሄዳ፣ ለመሪዎቹ ፊት ለፊት ተናግራለች። ግሬታ የተወለደችው ከዚያ አሥር ዓመት አልፎ ነው። ታሪኩን በአንድ ሰው ላይ ማንጠልጠል የሚጎዳው ሌሎቹን ነው፤ ያ ሰው ሲደክም ወይም ሲነቀፍ ንቅናቄውም አብሮ ያበቃለት ይመስላል።

«ችግሩ የዓለም ነው፤ የራስን መንግሥት መጨቅጨቅ ምን ይፈይዳል?»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ቅን የሆኑ ወጣቶችን ሳይቀር ተስፋ ያስቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረሰው የፓሪስ ስምምነት ለየሀገሩ ኮታ አያከፋፍልም። እያንዳንዱ ሀገር የበካይ ጋዝ ልቀቱን በምን ያህል እንደሚቀንስ ራሱ አቅዶ ያቀርባል፤ በየአምስት ዓመቱም ከቀድሞው የተሻለ አዲስ ዕቅድ ማቅረብ ይጠበቅበታል። የኃይል ማመንጫ ፈቃድ የሚሰጠው፣ በጀት የሚመደበው፣ ሕግ የሚወጣው በሀገር ውስጥ ነው። ስለዚህ ዕቅዱን የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚያረቅቅ፣ ረቂቁ መቼ ለአስተያየት እንደሚቀርብ አስቀድሞ ያወቀ የአሥር ሰው ቡድን፣ ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላ አደባባይ ከሚወጣ ሺህ ሰው የበለጠ ሊሠራ ይችላል። ሰልፉን ማጣጣሌ አይደለም። ሰልፉ በር ያስከፍታል፤ በሩ ሲከፈት ግን ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

«ይጮሃሉ እንጂ ያመጡት ለውጥ የለም»

ጀርመንን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአየር ንብረት ሕግ እስከ 2030 ያለውን ግብ ዘርዝሮ ከዚያ ወዲያ ያለውን ክፍት ተወው። ወጣቶች ለሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ፍርድ ቤቱ በ2021 የሰጠው ውሳኔ በአጭሩ ይህን ይላል፦ የዛሬው ትውልድ ገና ሊለቀቅ የሚችለውን የካርቦን መጠን በቀላሉ ጨርሶት ካለፈ፣ ከባዱ ቅነሳ በነገዎቹ ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ ይህም ነፃነታቸውን ይነካል። ሕግ አውጪዎቹ ወራት ሳይቆዩ ሕጉን አሻሻሉ። የ2030 የቅነሳ ግብ ከ55 ወደ 65 በመቶ ከፍ አለ፤ ከካርቦን ገለልተኛ የመሆኛው (የሚለቀቀውና የሚወገደው ጋዝ እኩል የሚሆንበት) ዓመትም ከ2050 ወደ 2045 ተሳበ። ቁጥሮቹ ደረቅ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ፋብሪካም፣ የድንጋይ ከሰል ማመንጫም የሚመራው በእነዚህ ቁጥሮች ነው።

ደቡብ ኮሪያም ተመሳሳይ ነው። ወጣቶች በ2020 በጀመሩት ክርክር ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በኦገስት 2024 መንግሥት ከ2031 እስከ 2049 ላሉት ዓመታት ግብ አለማስቀመጡ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወስኗል። በአሜሪካዋ ሞንታና ግዛት ደግሞ 16 ልጆችና ወጣቶች «ንጹሕና ጤናማ አካባቢ» የሚለውን የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት ይዘው ቀርበው በ2023 ረቱ፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በቀጣዩ ዓመት አጸናላቸው።

ሽንፈቱንም መደበቅ አይገባም። በዚያው በአሜሪካ 21 ወጣቶች በ2015 የፌዴራሉን መንግሥት ከሰው አሥር ዓመት ገደማ ከተመላለሱ በኋላ፣ ዋናው ክርክር ሳይሰማ በ2025 ፋይሉ ተዘግቷል። የሞንታናዎቹን ልጆች ግን የረዳው ያንኑ ክስ የያዘው የሕግ ተቋም ነው።

«ልጆች ናቸው፤ ሳይንሱ አይገባቸውም»

ሳይንሱን ፈለሰፍን ያሉ ወጣቶች የሉም። የሚጠይቁት መንግሥታት ራሳቸው ያዘዙት ጥናት እንዲከበር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ የምድር ሙቀት ጭማሪ ከ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ ለመግታት የካርቦን ልቀት በ2030 ከ2010ሩ በ45 በመቶ ገደማ መቀነስ አለበት ብሏል። ይህን ለመረዳት ዕድሜ አይጠይቅም።

«የሀብታም ሀገር ልጆች ቅንጦት ነው»

የካሜራው ትኩረት ወዴት እንዳለ ያሳያል እንጂ እውነት አይደለም። ኡጋንዳዊቷ ቫኔሳ ናካቴ በ2019 መጀመሪያ ካምፓላ ላይ አድማ ስትጀምር ከጥቂት የቤተሰቧ አባላት በቀር ብቻዋን ነበረች። በጃንዋሪ 2020 የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም በሚካሄድባት በስዊዘርላንዷ ዳቮስ ከአራት ነጭ ወጣቶች ጋር ከተነሳችው ፎቶ ላይ አንድ የዜና ድርጅት እሷን ቆርጦ አወጣት። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል፤ የአፍሪካ ልጆች ያልነበሩ የመሰለን በእንዲህ ያለ መቀስ ነው።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን የፓስፊክ ደሴቶቹ ነው። በ2019 ቫኑዋቱ ውስጥ የሚማሩ 27 የሕግ ተማሪዎች የአካባቢያቸውን መንግሥታት «ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት እንውሰደው» ብለው ጎተጎቱ። የቫኑዋቱ መንግሥት ሐሳቡን የራሱ አደረገው። በ2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያለ ተቃውሞ ተቀበለው። በጁላይ 2025 ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ፣ መንግሥታት የአየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው አለ። መነሻው የክፍል ውስጥ ጥያቄ ነበር።

«ከታላላቆቻቸው ጋር የተጣሉ ናቸው»

ኤፕሪል 9 ቀን 2024 የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ስትራስቡርግ ላይ ሦስት የአየር ንብረት ውሳኔዎች አሰማ፤ ሁለቱን እንይ። የአንዱ ከሳሾች ስድስት ፖርቹጋላውያን ልጆችና ወጣቶች ነበሩ፤ የሌላው የስዊዘርላንድ አረጋውያን ሴቶች። ወጣቱም አረጋዊውም በአንድ ፍርድ ቤት ለአንድ ዓላማ ቆመው ነበር ማለት ነው። የረቱት እናቶቹ ናቸው። ሙቀቱ ጤናቸውን እንደሚጎዳ፣ መንግሥታቸውም በቂ እርምጃ እንዳልወሰደ አስረድተው ነበር። ወጣቶቹ ከ30 በላይ መንግሥታትን በአንድ ላይ ከሰው ነበር፤ አቤቱታቸው ግን ተቀባይነት አላገኘም። ከፖርቹጋል በቀር ያሉት መንግሥታት በእነሱ ላይ ሥልጣን የላቸውም ተባለ። ፖርቹጋልን በተመለከተ የተነገራቸው ምክንያት አንድ ነው፦ አስቀድመው በሀገራቸው ፍርድ ቤቶች አልተከራከሩም።