ክሩ መርፌዋ ጋ እስኪደርስ፦ የካልሲ ማሽን የክር አመጋገብ

ስለ ካልሲ ማሽን ወሬ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ መርፌዎቹ ነው። አይፈረድበትም። ከመቶ በላይ ቀጫጭን መርፌዎች በአንዲት ትንሽ ሲሊንደር ዙሪያ ተሰልፈው ተራ በተራ ብቅ ጥልቅ ሲሉ ማየት ደስ ይላል። ካልሲው ከልኩ የሚወጣው ግን ብዙውን ጊዜ እዚያ አይደለም። ክሩ ከተጠመጠመበት ኮን ተነስቶ መርፌዎቹ ላይ እስኪወርድ ባለው መንገድ ላይ ነው። ያንን መንገድ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ማሽኑን እንወቀው። የቲሸርት ጨርቅ የሚሠራ ክብ የሹራብ ማሽን ሲሊንደሩ ከዳር እስከ ዳር 30 ኢንች ያህል ይሰፋል። በዙሪያውም በርካታ ክሮች በአንድ ጊዜ ይገቡበታል። የካልሲ ማሽን ከሱ ጎን ሲቆም ድንክ ነው። ሲሊንደሩ ከ3 ተኩል እስከ 4 ኢንች ቢሆን ነው። እግር የሚገባበት ቱቦ ነዋ የሚያወጣው! ለተራ ካልሲ እንደ ውፍረቱ ከ84 እስከ 200 መርፌ ይበቃዋል። ለስስ የሴቶች ስቶኪንግ 400 መርፌ የተለመደ ነው። ክር የሚገባበት ዋና ቦታ በብዙ የካልሲ ማሽኖች ላይ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ስቶኪንግ ላይ 4 ማየት የተለመደ ነው።

ሲሊንደሩ መርፌዎቹን ይዞ ይሽከረከራል። ክር የሚያቀብለው ክፍል ግን ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። እያንዳንዷ መርፌ በፊቱ ስታልፍ ክሩን ትይዝና ወደ ታች ትወርዳለች። አሮጌው የክር ቀለበት በአናቷ አልፎ ይወድቃል፣ አዲሱ ይተካል። ሹራብ ማለት ይኸው ነው።

ድሮ ክሩን ማቀበል ይህን ያህል ጣጣ አልነበረውም። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ እ.ኤ.አ. በ1589 የመጀመሪያውን የስቶኪንግ መሥሪያ ማሽን ሲያበጅ፣ ክሩን በመርፌዎቹ ላይ የሚዘረጋው የሠራተኛው እጅ ነበር። ክሩ ሲጠብቅ እጅ ያላላል፣ ሲላላ እጅ ይስባል። በ1816 ማርክ ኢዛምባርድ ብሩኔል ለክብ የሹራብ ማሽን የፈጠራ መብት አገኘ። በ1840ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የሌስተሩ ማቲው ታውንሴንድ ምላስ ያላትን መርፌ አመጣ። ይህች መርፌ አፏ የሚከፈተውና የሚዘጋው ቀለበቱ ራሱ ሲንሸራተትባት ነው። ሌላ ረዳት አትፈልግም። ከዚያ ወዲህ ማሽኖቹ እየፈጠኑ ሄዱ። እጅ የሚያውቀውን ነገር ብረት መማር ግድ ሆነበት።

ፍጥነቱን እናስላው። 168 መርፌ ያለው ማሽን በእያንዳንዷ መርፌ 5 ሚሊሜትር ክር ይወስዳል እንበል። አንድ ዙር 84 ሳንቲሜትር ክር ይበላል ማለት ነው። በደቂቃ 250 ጊዜ ሲዞር ክሩ በደቂቃ 210 ሜትር ይሮጣል። አሁን የእያንዳንዷ መርፌ ድርሻ በ0.1 ሚሊሜትር ብቻ ተዛነፈ እንበል። ኢምንት ይመስላል። ግን 2 ከመቶ ነው፤ በመቶዎች በሚቆጠሩ ረድፎች ላይ ሲደመር ካልሲው ልክ ላይ ይታያል። ሙንደን የተባለው ተመራማሪ በ1959 ያሳየው ይህንኑ ነው፦ የሹራብ ጨርቅ ርዝመትና ስፋት በዋናነት የሚወሰነው በአንዱ ቀለበት ውስጥ ባለው የክር ርዝመት ነው።

ታዲያ ያንን ርዝመት የሚወስነው ምንድን ነው? ቶሎ የሚመጣው መልስ «መርፌዋ የምትወርድበት ጥልቀት» የሚል ነው። እሱም ቢሆን ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ሙንደንና ሌላው ተመራማሪ ናፕተን በ1966 ነገሩን ጠጋ ብለው ሲያጠኑት አንድ የሚገርም ነገር አገኙ። መርፌዋ እየወረደች ሳለ የሚያስፈልጋትን ክር ሁሉ ከኮኑ በኩል አታገኝም። በመንገዱ ላይ ያሉ መርፌዎችና ብረቶች ክሩን አጥብቀው ይይዙባታል። ስለዚህ የቀረውን ከጎረቤቷ ትወስዳለች። ቀድማት ቀለበቷን ሠርታ መነሳት ከጀመረችው መርፌ ላይ ትመነትፋለች ማለት ይቻላል። ከላይ የሚመጣው ክር በጠበቀ ቁጥር ምንተፋው ይብሳል፣ ቀለበቱም ያንሳል። እንግዲህ ማሽኑን ሳይነኩ፣ መርፌውን ሳይቀይሩ፣ ክሩ ላይ ያለው ውጥረት ብቻ ካልሲውን ሊያሳጥረው ይችላል።

ይህን ውጥረት በሴንቲኒውተን ይለኩታል። 1 ሴንቲኒውተን 1 ግራም ክብደት በክሩ ላይ ቢንጠለጠል የሚፈጥረውን ጉተታ ያህላል። መርፌዎቹ ጋ ሲደርስ ለተለመደ የካልሲ ክር ከ3 እስከ 5 ሴንቲኒውተን ቢሆን ደህና ነው። በጣት ቢነኩት ያለ እስከማይመስል ድረስ ትንሽ ነው።

ጉዱ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ክሩ ባለፈበት ማጠፊያ ሁሉ ሰበቃ አለ፤ ሰበቃው ደግሞ አይደመርም፣ ይባዛል። ክሩ አንድ ለስላሳ ዘንግ ላይ ግማሽ ዙር ታጥፎ ቢያልፍና የሰበቃው መጠን 0.25 ቢሆን፣ ገመድ በዘንግ ላይ ሲጠመጠም በሚሠራው የኦይለር ቀመር መሠረት ውጥረቱ ከ2 እጥፍ በላይ ሆኖ ይወጣል። 1 ሴንቲኒውተን ገብቶ 2.2 ይወጣል። ሁለተኛ እንደዚያው ያለ ማጠፊያ ካገኘው ወደ 5 ይጠጋል። ክሩ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ከሴራሚክ የሚሠሩት፣ ክሩም ብዙ ጊዜ ሰም የሚቀባው ለዚህ ነው። አንድ ማጠፊያ መቀነስ አንዳንዴ አዲስ ዕቃ ከመግዛት ይበልጣል።

ኮኑ ራሱም ባህርይ አለው። ክሩ ከሰፊው እግሩ ሲነሳና ከጠባቡ አናቱ ሲነሳ ጉተታው አንድ አይደለም። ሙሉ ኮንና ሊያልቅ የደረሰ ኮንም ይለያያሉ። ቀላሉና ጥንታዊው መፍትሔ ፍሬን ነው፦ ሁለት ትንንሽ ሳህኖች በሞላ (በስፕሪንግ) ተጫጭነው ክሩ በመሃላቸው ያልፋል። ይህ ፍሬን ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ግን ውጥረት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ከኮኑ የመጣውን መዛነፍ እንዳለ ያሳልፈዋል።

በትልልቁ የቲሸርት ማሽን ላይ ችግሩ ከተፈታ ቆይቷል። እዚያ ማሽኑ ራሱ አንድ ረጅም ቺንጋ ያዞራል፣ ቺንጋው የሁሉንም ክር መጋቢዎች ጎማ ያሽከረክራል። ሲሊንደሩ አንድ ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ጎማ የተወሰነ ርዝመት ክር ይለቃል። መርፌዎቹ ቢስቡም ባይስቡም የሚያገኙት ያንኑ ነው። መመንተፍ የለ፣ መብዛት የለ። ንጹህ አሠራር ነው።

ታዲያ ይህ ለካልሲ ለምን አይሆንም? ካልሲ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ጨርቅ ስላልሆነ ነው። ላይኛው ጠርዝ ላይ ላስቲክ ይገባል። ከዚያ እግሩ ይመጣል፣ አንዳንዴም መስመር መስመር ያለው። ቀጥሎ ተረከዙ፣ ቀጥሎ መርገጫው፣ ምናልባትም እንደ ፎጣ ጉጥ ጉጥ ያለ ወፍራም ሹራብ። በመጨረሻ የጣቱ ጫፍ። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ክር አለው፣ የክሩ ፍጆታም ይለያያል። በአንድ ልክ የሚለቅ ጎማ እዚህ ምን ያደርጋል? በካልሲ ማሽን ላይ አብዛኛው ክር መርፌዋ በሳበችው ልክ የሚመጣው ለዚህ ነው። ሥራው የሚሆነው ስትስብ የሚያጋጥማት ውጥረት ሁልጊዜ አንድ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ከሁሉ አስቸጋሪው ተረከዙ ነው። በተለመደው አሠራር ሲሊንደሩ መዞሩን ትቶ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ የሚሠሩትም መርፌዎች ግማሽ ያህሉ ናቸው። በየምልልሱ አንድ አንድ መርፌ እየቀነሱ፣ ከዚያ መልሰው እየጨመሩ ለተረከዝ የሚሆነውን ኪስ ያወጣሉ። አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር አንድ አፍታ መርፌዎቹ ክር አይስቡም። የተለቀቀው ክር ይላላል። ያ የላላ ክር ተጠልፎ ከቀረ ቀዳዳ ወይም የተንጠለጠለ ቀለበት ይሆናል። ስለዚህ ከክሩ መግቢያ በላይ በሞላ የሚሠራ ክንድ ይቀመጣል። ክሩ ሲላላ ክንዱ ወደ ላይ ብድግ ይልና ትርፉን ይሰበስባል፣ ሲሳብ ዝቅ ብሎ መልሶ ይሰጣል። በአንዳንድ ማሽን ላይ ይህንን አየር በመሳብ ይሠሩታል። ሲያዩት ተራ ሽቦ ነው። ሞላው ትንሽ ከጠነከረ ግን ተረከዙ ይጠባል፣ ከደከመ ቀዳዳ ይመጣል።

ዛሬ በብዛት የሚታየው ክር መጋቢ፣ ወይም ፊደር፣ ክር የሚያጠራቅም ከበሮ አለው። ትንሽ ሞተር ክሩን ከኮኑ እየሳበ ከበሮው ላይ ጎን ለጎን ይጠመጥመዋል። ጥምጥሙ ሲቀንስ ሴንሰር ያይና ሞተሩን ያነቃዋል። መርፌዎቹ ደግሞ ከከበሮው ጫፍ ላይ ይስባሉ። ከኮኑ የመጣው ዝላይና መንቀርፈፍ ሁሉ ከበሮው ላይ ያልቃል። ከዚህ በኋላ ውጥረቱን የሚወስነው መውጫው ላይ ክሩ የሚያልፍበት ቀለበት ወይም ብሩሽ ነው። የጀርመኑ ሜሚንገር ኢሮ፣ የጣሊያኖቹ ቢቲኤስአርና ኤልጂኤል በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀ ኩባንያዎች ናቸው። የካልሲ ማሽኑን ራሱን በሚሠሩት ዘንድ ደግሞ በጣሊያን ብሬሻ ከተማ ያለው ሎናቲ ቀድሞ ይነሳል።

ላስቲክ ሌላ ዓለም ነው። ጆሴፍ ሺቨርስ በ1958 በአሜሪካው የኬሚካል ኩባንያ ዱፖንት ውስጥ የሠራው ስፓንዴክስ የተባለ ክር ከራሱ ርዝመት 5 እጥፍ በላይ ይለጠጣል። ይህ ለለባሹ ደስታ፣ ለማሽኑ ራስ ምታት ነው። አንድ ሜትር ተለጥጦ የገባ ስፓንዴክስ ሲለቀቅ ስንት ሆኖ እንደሚሰበሰብ የሚወሰነው ሲገባ በነበረበት ውጥረት ነው። ትንሽ ከጠበቀ ካልሲው ይኮማተራል፣ እግርም ላይ ምልክት ይተዋል። ከላላ ደግሞ እየተንሸራተተ ጫማ ውስጥ ይጠቀለላል። እርቃኑን ያለ ስፓንዴክስ ከራሱ ጋር ስለሚጣበቅም እንደ ጥጥ ክር ከአናቱ አይሳብም። ጥቅሉ በሚሽከረከሩ ዘንጎች ላይ ተኝቶ እየተንከባለለ ይፈታል። ዘመናዊው መጋቢ ውጥረቱን ያለማቋረጥ ይለካል፣ ጎማውንም በዚያው ልክ ያፈጥናል ወይም ያዘገያል። ይህ ቅንጦት እንዳልሆነ የሚገባው የሕክምና ስቶኪንግ ሲታይ ነው። እሱ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠንከር ብሎ ወደ ላይ እየላላ መሄድ አለበት። በጀርመን ደረጃ የመጀመሪያው ምድብ ቁርጭምጭሚት ላይ ከ18 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ግፊት ይጠይቃል። ያ ቁጥር ከመርፌው ብቻ አይመጣም። የላስቲኩ አመጋገብ በየረድፉ ስለሚለወጥ ነው የሚገኘው።

መርፌዎቹ አጠገብ ያለችው የመጨረሻዋ ክፍል ጣት ትባላለች፣ ጣትም ትመስላለች። ጫፏ ላይ ክሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ አላት። ክር ሲቀየር አንዷ ጣት ትነሳለች፣ ሌላዋ ትወርዳለች። ድሮ ይህንን የሚያዘው ጥርስ ጥርስ ያለው ከበሮና ሰንሰለት ነበር፤ አሁን ኮምፒውተር የሚከፍታቸው የአየር ቫልቮች ናቸው። የወጣው ክር በመቁረጫው ይቆረጣል፣ ጫፉም እስኪጠራ ድረስ ተይዞ ይቆያል። ካልሲ ገልብጠው ውስጡን ቢያዩ ቀለም የሚቀየርበት ቦታ ላይ አጫጭር የክር ጭራዎች ያገኛሉ። የዚህ ቅያሬ አሻራ ናቸው።

የጣቷ አቀማመጥ ሌላም ሥራ አለው። ብዙ ካልሲ የሚሠራው በሁለት ክር ነው፦ አንዱ ወደ ውጭ የሚታይ፣ ሌላው ወደ ውስጥ የሚደበቅ፣ ለምሳሌ ጥጥና ናይለን። ሁለቱም በአንድ መርፌ ይያዛሉ። ማን ፊት እንደሚሆን የሚወስነው እያንዳንዱ ክር የሚመጣበት ከፍታና ማዕዘን፣ እንዲሁም የሁለቱ ውጥረት ነው። ጣቷ ትንሽ ከተዛነፈች የተደበቀው ክር ወደ ውጭ ብልጭ ማለት ይጀምራል። ጥቁር ካልሲ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚታየው አንዳንዴ ለዚህ ነው።

ክሩ ቢበጠስስ? መርፌዎቹ መውጣት መግባታቸውን አይተዉም፤ የያዙትን ቀለበት ይጥላሉ፣ አዲስ ግን የለም። ማሽኑ ቶሎ ካልቆመ ቱቦው በሙሉ ከመርፌዎቹ ወልቆ ይወድቃል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ክር ላይ መበጠስን የሚያይ ጠባቂ ይኖራል። አሮጌው በክሩ የተደገፈ ሽቦ ነው፤ ክሩ ሲጠፋ ወድቆ ኤሌክትሪኩን ያገናኛል። አዲሱ የክሩን እንቅስቃሴ የሚሰማ ሴንሰር ነው። እሱም ቢሆን ተራው ያልደረሰ ክር ቆሞ ሲያይ «ተበጠሰ» ብሎ እንዳይጮህ፣ የትኛው ክር መቼ እንደሚሠራ ከማሽኑ ፕሮግራም ማወቅ አለበት።

የጥጥ ብናኝም አለ። ቀዳዳዎቹ ላይ፣ ሳህኖቹ መሃል፣ ሴንሰሩ ፊት ይሰበሰባል። ጠዋት ተስተካክሎ የተነሳ ማሽን ከሰዓት ሌላ ልክ የሚያወጣው አንዳንዴ በዚሁ ነው። አንድ ጥንድ ላይ ግራና ቀኙ እኩል አልሆን ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚዘልለው መርፌውን የሚያወርደው ካም ላይ ነው። ካሙን ከመንካት በፊት ግን ኮኑን ማየት ይሻላል። ቀጥሎ ክሩ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሁሉ፣ ቀጥሎ የፍሬኑን ሳህኖች፣ ከዚያ በውጥረት መለኪያ ሁለቱን ካልሲዎች የሚሠሩትን ክሮች ማወዳደር። ካሙ ላይ የሚደረሰው ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከተገኘ ነው።